በፀጉር የቀጠነ አረር

ረቡዕ፥ ረጀብ 1

ቃቡል ጉል ዛሬ ከበቅሎው ላይ አንድ ጆንያ አረር አወረደልኝ። ወፍራሙ ጠፍቷል፤ ይኼኛው ለአዲሶቹ ጠመንጃዎች የተሠራ ነው።

«አረር ያው አረር ነው፥ ሸምሮዝ» አለኝ ላቡን እየጠረገ። «እርሳስ በመዳብ ተለብጦ። ሌላ ምን ፈለግህ? ስምህ ይጻፍበት?»

መለኪያዬን አወጣሁ። በጦሩ ውስጥ መሣሪያ ጠጋኝ ሳለሁ ራሴ የበሳኋት የነሐስ ቁራጭ ናት። ለእኛ አሮጌ የእንግሊዝ ጠመንጃ ልክ የሆነ አረር ቀዳዳዋ ላይ ይቀመጣል እንጂ አያልፍም። የቃቡል ጉል አረር ሾልኮ ጭኔ ላይ ወደቀ። ሌላ ሞከርኩ፤ እሱም ወደቀ። ልዩነቱ ፀጉር ቢያህል ነው፥ በዓይን አይታይም። በርሜሉ ግን ያውቀዋል። የውስጡ ጠመዝማዛ ጥርብ አጥብቆ ካልያዘው አረሩ በወጉ ሳይሽከረከር ይወጣና አየር ላይ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ የት እንደሚያርፍ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

ቢሆንም ለጥይት መሙያ ሱቄ ወሰድኩት። ለደስታ ወደ ሰማይ ለሚተኮስ ምን ይጎድለዋል? ሰማይን የሳተ የለም። ከድሮው ወፍራም አረር የተረፈችኝን አንዲት ጣሳ ለመንደሩ ጠባቂዎች ለክፉ ቀን አስቀምጫለሁ።

ሰኞ፥ ረጀብ 6

የድሮ የጦር ጓደኛዬ ላይቅ ሻህ ከላይኛው ሸለቆ ሰው ላከ። ረመዷን ሳይገባ፥ በረዶውም መተላለፊያውን ሳይዘጋው፥ ልጄን ቶርፔከይን ለልጁ ለዘርወሊ ሊወስዱ ይመጣሉ።

መልእክተኛው ሻዩን ጨርሶ ጽዋውን ደፋና «ሌላም አለ» አለኝ። «‹የዒላማውንም የደስታውንም ጥይት ሸምሮዝ ይሙላልኝ፤ ከሌላ እጅ አልፈልግም› ብሏል ላይቅ ሻህ።»

«እሺ በለው» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ልጄ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰምታለች። የሆነ ዕቃ ከእጇ ወድቆ ሲንኳኳ ሰማሁ።

በዚያው ቀን፥ ማታ

እናቷ ስትሞት ቶርፔከይ ፀጉሯን ራሷ መጎንጎን አትችልም ነበር። እኔ ደግሞ በጦር ሰፈር ነበርኩ። ያን ክረምት ላይቅ ሻህ ቤቱ ወሰዳት፤ ሚስቱም ከራሷ ልጆች ጋር አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ አስተኝታ አከረመቻት። በረዶው ሲቀልጥ ልወስዳት ስወጣ ወፍራ፥ ጉንጯ ቀልቶ፥ በእነሱ አነጋገር እየተናገረች አገኘኋት። ደስታዬ ልክ አጣና «ላይቅ ሻህ፥ ይቺ ያንተም ልጅ ናት፤ ለዘርወሊ ትሁን» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። እሱ እንኳ «ተው እንጂ ሸምሮዝ፥ ልጆቹ ይደጉ» ብሎኝ ነበር። እጁን ይዤ በሰው ፊት ቃል ያሰርኩት እኔ ነኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

አሁን ቃሌን ባጥፍ በዚህ ሸለቆ ማን ሰላም ይለኛል? ላይቅ ሻህ ይቅር ቢለኝ እንኳ ሌላው አይለኝም። ቃሌን ብጠብቅ ደግሞ ልጄን እንደ ጠቦት ጎትቼ መስጠቴ ነው። በዚህም በዚያም ግድግዳ ነው። የማስበው ስለ እሷ ነው። ስለ ራሴማ ምን አለኝ፤ ሻይ ማፍላት ያቅተኛል እንዴ?

ሐሙስ፥ ረጀብ 9

ሥራ በዝቶብኛል። ቀለሃ ማጽዳት፥ ባሩድ ማድረቅ። የገበያው ሰው ሁሉ ስለ ሠርጉ ያወራል። ሻይ ቤቱ በር ላይ አንዱ ሲናገር ሰማሁ፤ «ሸምሮዝ ልጁን ሲድር ከማን ጋር ሊነታረክ ነው?» ሳቁ። ስገባ ወሬውን ወደ ሩዝ ዋጋ አዞሩት።

ዓርብ፥ ረጀብ 17

ከጁምዓ ሶላት ስመለስ እህቴ ዱርኻነይ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከጎኔ ነው የምትኖረው፤ ቶርፔከይን ለወግ ያበቃቻትም እሷ ናት። እንዲህ ብላ በሩ ላይ ከቆመች ነገር አለ ማለት ነው።

«ልጅቷን ጠይቀሃታል?»

«ምን ብዬ?»

«‹ትፈልጊያለሽ ወይ?› ብለህ ነዋ! አፍህ ተለጉሟል?»

«አባት ልጁን እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም። ነውር ነው።»

«ነውሩስ ሳይጠይቁ መዳር ነው።»

«እምቢ ብትለኝስ? ቃሌን የት ላድርገው?»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እሺ ብትልህስ?» አለች።

እሱም ጥያቄ ሆኖ!

ሰኞ፥ ረጀብ 20

ቀጭኑን አረር እስኪ ልየው ብዬ ወንዝ ዳር ሳንቃ አቁሜ በገዛ ጠመንጃዬ ተኮስኩ። ብዙዎቹ ሳንቃውን አላገኙትም። ያገኙትም ቀዳዳቸው ክብ አይደለም፤ በሹላቸው ሳይሆን በጎናቸው ተጋድመው ነው የገቡት። እንደጠበቅሁት ነው። ሳንቃውን ብብቴ ሥር አድርጌ ስገባ ቶርፔከይ ምድጃው አጠገብ ነበረች።

«አባባ፥ ቀዳዳው ለምን ተኛ?»

«ነፋስ ነው።»

«ዛሬ ነፋስ የለም እኮ።»

«ወንዝ ዳር ነበረ።»

ሳቀች። እናቷም እንዲሁ ነበር የምትስቀው፥ ውሸት ስትሰማ። ሳንቃውን ፈልጬ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ማገዶ አንሶን ነበር።

ቅዳሜ፥ ረጀብ 25

የላይቅ ሻህን ጥይት መሙላት ጀመርኩ። ለዒላማው ወፍራሙን ላድርግላቸው ብዬ ጣሳዋን ከፈትኩ፤ መልሼ ከደንኩ። ጠባቂዎቹ ድንገት ቢቸግራቸውስ? የመንደር አደራ ነው፤ ለሠርግ ጨዋታ አይበተንም። ደግሞ የላይኛው ሸለቆ ሰው በወንጭፍም ቢሆን ዒላማ አይስትም ይባላል። ይባላል ነው እንጂ እኔ አላየሁም።

ያለፈው ዓመት ነገር ትዝ አለኝ። ከወንዝ ማዶ የመጡት ሙሽሮች ከገደሉ ላይ ያቆምንላቸውን ነጭ ድንጋይ እስከ ዐስር፥ እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት፥ ሳይመቱት ቀሩ። የመንደራችን የስፒን ካማር ልጅ ዒላማ ካልተመታላት ከቤቷ አትወጣም፤ ስለዚህ ባዶ በቅሎአቸውን እየሳቡ ተመለሱ። ለዓመቱ ይመጣሉ ተብሎ ነበር። አልመጡም። ልጅቷ አሁንም አባቷ ቤት ናት። አባትየው በዚህ ዘመን እንደሱ የደላው የለም።

ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ዓርብ፥ ሻዕባን 1

ቶርፔከይ ለሙሽራው ዝናር ትጠልፋለች፤ ቀይ ክር፥ በመሃሉ ትንንሽ መስታወት። ዓይኗ ቀልቷል። «ጭሱ ነው» አለችኝ። ምድጃው ጠፍቶ ነበር።

ልቤ ተሰበረ። እሷ ለእኔ ብላ ዝም ትላለች፥ እኔ ለቃሌ ብዬ ዝም እላለሁ።

«አባባ፥ ላይኛው ሸለቆ በረዶ ጀምሮ ይሆን?»

«እዚያማ ምን ይጠየቃል! ስድስት ወር ሙሉ ከቤት አይወጣም። ጭስ፥ ፍየል፥ ሳል።»

«ዘርወሊና እኔ በቆዳ ላይ ተቀምጠን ከጣራው ስንንሸራተት ትዝ ይለኛል። ጥርሱ ተሰበረና በረዶው ውስጥ ስንፈልገው ዋልን።» ከዚያ አጎንብሳ ፈገግ አለች።

ምስኪን። ራሷን ልታጽናና ነው።

ሰኞ፥ ሻዕባን 4

የጠባቂዎቹ አለቃ ጉላብ ዲን በሬን በርግዶ ገባ።

«ሸምሮዝ! ተኩላው ከእኔ እስከዚያ በር ነበር የሚርቀው። ተኮስኩ፤ ዞሮ አየኝ። ደገምኩ፤ ጭራሽ ተቀመጠ! እስክጨርስ የሚጠብቀኝ መሰለኝ።»

«በርሜልህ አርጅቷል» አልኩት።

«በርሜሌ አምና አላረጀም ነበር?»

«እርጅና በአንድ ቀን ነው የሚመጣው።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። በእርግጥ በርሜሉ አርጅቷል፤ አልዋሸሁም። ይህ ሁሉ ጠመንጃ ከአያቶቻችን የወረስነው ነው፥ ውስጡ ሰፍቷል። የሰፋ በርሜል የቀጠነ አረር ሲያገኝ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ይህንን ግን አልነገርኩትም።

«ለእኛ ያስቀመጥኸው ጥሩው የት ሄደ?» አለኝ።

«ለክፉ ቀን ነው።»

«ተኩላ በጎቼ መሃል ተቀምጦ እየጠበቀኝ ክፉ ቀን ካልሆነ፥ ክፉው ቀን መቼ ነው?»

ጣሳዋን አላወጣሁለትም። ለምን? ለእሱ ካልሆነች ለማን ናት? ነገ አስብበታለሁ።

እሑድ፥ ሻዕባን 10

የላይቅ ሻህ ጥይት ተሞልቶ አለቀ። ቃቡል ጉል ነገ ወደ ላይ ይወጣል፤ «ስጠኝና ላድርስልህ» አለኝ። ቢደርሳቸው ይለማመዱበታል። ቢለማመዱበት...

ባሩዱ በመንገድ ላይ እርጥበት ሊይዘው ይችላል። ሲመጡ ከእጄ ይቀበሉኝ አልኩት። ደግሞ ደንቡም ይኸው ነው፤ ሙሽራ የአማቱን ጥይት ንቆ የራሱን ቢተኩስ ስድብ ነው።

ቃቡል ጉል ትንሽ አየኝ። «አንተ ሰውዬ፥ ቀጭኑን ነው የሞላህላቸው?»

«አረር ያው አረር ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«እኔ ነጋዴ ነኝ» አለ። «አንተ መሣሪያ አዋቂ ነህ።»

ዓርብ፥ ሻዕባን 15

ሰው ሁሉ መስጊድ አደረ። የዓመቱ ዕጣ በዚህች ሌሊት ይጻፋል ይላሉ። እኔም ለመንኩ። ምን እንደለመንኩ አልጽፍም።

ማክሰኞ፥ ሻዕባን 19

ሩዝ። ፍየሎች። የሰው ምንጣፍ፥ የሰው ድስት። ዱርኻነይ ትጮኻለች። ሁሉም እኔን ይጠይቀኛል፥ እኔ የምጠይቀው የለኝም። ቶርፔከይ የእናቷን አምባር አጥልቃ መጣች፤ ሰፋት። «ክሲያለሁ?» አለች። አላየኋትም፤ ማለቴ፥ ማየት አልቻልኩም።

ረቡዕ፥ ሻዕባን 20

መጡ። ከበሮአቸው ከወንዙ መታጠፊያ ነው የተሰማው። ላይቅ ሻህ ከበቅሎው ሳይወርድ «የታለ ያ ወፍራሙ ጓደኛዬ? ይኼ ሽማግሌ ማነው?» ብሎ ጮኸ። አቅፎ አነሣኝ። አስቀያሚ ሳቁ አልተለወጠም።

ዘርወሊ እንደ በር የሚያህል ሰው ሆኗል። የፊት ጥርሱ አሁንም ጎደሎ ነው። አንገቱን ደፍቶ ቆመ፥ እንደዚያ ያለ ሰው ሲያፍር ያስቃል። ጥይቱን በሰሃን አድርጌ ሰጠሁት። እጄን ያዘና ሳመኝ።

«ከእርስዎ እጅ የወጣ ጥይት አይስትም ይላሉ፥ አባቴ።»

አባቴ አለኝ።

ወደ ዕቃ ቤት ገባሁ። ጣሳዋን አወጣሁ። እዚያ ቆሜ ቆየሁ። ከዚያ በወፍራሙ አረር ሞልቼ ጥይቱን በራሴ ዝናር ደረደርኩት፤ በልጁ ሠርግ ባዶ ዝናር የታጠቀ አባወራ አያምርም። ለሌላ ነገር አይደለም።

ሐሙስ፥ ሻዕባን 21

ሰው ሁሉ ሄዶ ብቻዬን ስቀር እጽፋለሁ።

ከቀትሩ ሶላት በኋላ የወንዶቹ ጉባኤ አውድማው ላይ ተሰበሰበ። ጉላብ ዲን ራሱ ገደሉ ላይ ወጥቶ ነጩን ድንጋይ አቆመ፤ ሲመለስም «ከዚህ የቀረበ ማቆም ነውር ነበር፥ ከዚህ የራቀ ጭካኔ» አለ። ሁሉም ሳቀ። ሴቶቹ ጣራ ላይ ነበሩ፤ ቶርፔከይ በመሃላቸው ቀይ መከናነቢያዋን አድርጋ።

መጀመሪያ የሙሽራው አጎቶች ተኮሱ። ድንጋዩ ዝም። ከላዩ አቧራ፥ ከታቹ አቧራ፥ አንዴም ከገደሉ ሌላ ጫፍ። የእኛ ልጆች ማፏጨት ጀመሩ። «እዚያ ነው ድንጋዩ! እዚያ! ዓይንህን አሞራ በላው እንዴ?» «ከኋላው ፍየል እሰሩለት፥ ምናልባት እሷን ያገኛታል!» እንግዶቹ መጀመሪያ አብረው ይስቁ ነበር። እየቆየ ሳቁ ከእነሱ በኩል ቀነሰ። ዘርወሊ ተንበረከከ፤ እንደ ዓለት ጸንቶ አነጣጠረ። እጁ አልተንቀሳቀሰም፥ ትንፋሹን ያዘ፥ ቃታውን በቀስታ ሳበ። እንዲህ ያለ ተኳሽ በጦሩም ብዙ አላየሁም። ጥይቱ ግን ድንጋዩ አጠገብ እንኳ አልደረሰም። ደገመ። ደገመ። ፊቱ ከል መሰለ።

ከልቤ አንዱ ጥግ ደስ አለኝ ብል እዋሻለሁ? አላውቅም። ፀሐይዋን እያየሁ ነበር። የዐስር ሶላት እየተቃረበ ነበር።

ላይቅ ሻህ የልጁን ጠመንጃ ተቀበለ። ከጥይቱ አንዱን አወጣና ሹሉን ወደ አፈሙዙ አስገባው። የወታደር መፈተኛ ነው፤ እኔ ነኝ ድሮ ያስተማርኩት። ልክ የሆነ አረር አፈሙዙ ላይ ይያዛል። ይኼኛው እስከ ቀለሃው አንገት ሰመጠ። ዓይኑን አንሥቶ ትክ ብሎ አየኝ። አንገቴን የምደብቅበት አጣሁ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ እንዲህ አለ፤

«ጥፋቱ የእኔ ነው! ይህን አሮጌ በርሜል ይዤ መምጣቴ! ከጦር ቤት ስሰናበት ነበር መጣል የነበረብኝ።»

እንግዳ ነውና የጋባዡን ነውር በራሱ ላይ ወሰደ። በዱላ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

እንደገና ተኮሱ። አንዱ አረር ገደሉን በጎኑ መታና ነጥሮ ተመለሰ። ፉጨቱ በላያችን አለፈ። ሴቶቹ ከቆሙበት ጣራ ሥር ግድግዳው ጭቃ አራገፈ። ጩኸት ሆነ። ቀይ መከናነቢያውን ፈለግሁ፤ ቆማለች። ሌሎቹ ሁሉ ጎንበስ ሲሉ እሷ ቆማ ወደ እኔ ታያለች።

ዱርኻነይ በመሰላሉ ወርዳ ወንዶቹን እየገፋች መጣች። ሴት ወደ አውድማው አትገባም፤ ማንም ግን ሊያስቆማት አልደፈረም። አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠጋች።

«‹ለአባቴ ንገሪው› ብላኛለች። ‹ቀዳዳው ለምን እንደተኛ አውቃለሁ፤ ሳንቃውን ሲያቃጥለው ነው ያወቅሁት። ጠይቆኝ ቢሆን እነግረው ነበር። ዛሬ ካልሄድኩ ሌላ ማንንም አላገባም፤ እሱም ከጎኔ ተቀምጦ ዕድሜ ልኩን ያየኛል› ብላሃለች።»

ከዚያ ጨመረች፤ «ይህን ያለችው እያለቀሰች ነው። አንተን ትታ መሄዱ ጨንቋት ወር ሙሉ ስታለቅስ ከረመች። አንተ ደግሞ ሰውዬውን ጠልታው መሰለህ።»

ዝናሬን ፈታሁ። አውድማው መሃል ሄጄ ለዘርወሊ ሰጠሁት።

«በዚህ ተኩስ።»

መንደሬ ሁሉ ያያል። ጥሩው አረር በእኔ ወገብ ላይ እንደነበረ፥ ለእነሱም የሸጥኩላቸው የትኛው እንደሆነ፥ አሁን ሁሉም ገባው። ጉላብ ዲን የራሱን ዝናር ዳሰሰ። ተኩላው ትዝ ብሎት መሆን አለበት።

ዘርወሊ አጎረሰ። የመጀመሪያው ሳተ፤ ቃታውን አሁን ቸኩሎ ነው የሳበው። «ተረጋጋ ልጄ፥ በርሜሉ አሁን ያውቀዋል» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ድንጋዩን ከሥሩ ነቅሎ አፈረጠው። የነጭ ድንጋይ አቧራ በነፋስ ሄደ።

ከጣራው እልልታ ተነሣ። የማን ድምፅ ቀድሞ እንደወጣ አውቃለሁ። ሙሽሪት እልል አትልም፤ ነውር ነው። እሷ ግን አለች።

ዓርብ፥ ሻዕባን 22

ሄደች።

በቅሎው ላይ ከመውጣቷ በፊት ወደ እኔ መጣች።

«ተቆጥተኸኛል፥ አባባ?»

«መቆጣት ያለብሽ አንቺ ነሽ።»

«ነበርኩ» አለች። «ትናንት ነበርኩ።» ከዚያ ጢሜን ሳመችኝ፥ እንደ ልጅነቷ።

ላይቅ ሻህ ከሰልፉ ወደ ኋላ ቀርቶ አብሮኝ ተቀመጠ። የሚለኝን ፈራሁ። ስለ አረሩ ጭራሽ አልጠየቀኝም። የትንባሆ ቆርቆሮውን አወጣና ቆንጥሮ ከምላሱ ሥር አደረገ።

«ትልቋን ልጄን ስድር አልነበርክም» አለኝ። «ሙሽራው ከመጣ በኋላ ወደ በረት ገባሁና ከበቅሎው ኮቴ ብረት ሁለት ሚስማር ነቀልኩ።»

«አንተ?»

«እኔ። የመጀመሪያው ወንዝ ላይ በቅሎው አነከሰ። ‹አሁን ይመለሳሉ› ብዬ በር ላይ ተቀመጥኩ። እስኪጨልም ተቀመጥኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በእግሯ ሄደች! የሙሽራ ጫማዋን በእጇ ይዛ፥ ወንዙን በባዶ እግሯ። አንድ ጊዜም ዞራ አላየችም አሉኝ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «ሸምሮዝ፥ ያ ድንጋይ ባይመታና ልጅቷ ብትቀርልህ ምን ልትላት ነበር? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

አፈሩን በጣቴ ጫርኩ።

«እኔም አላውቅም ነበር» አለና ተነሥቶ ትከሻዬን መታኝ። በቅሎው ላይ ሲወጣ አሮጌ ወገቡ ሲያቃስት ሰማሁ።

እሑድ፥ ሻዕባን 24

ጠዋት በሬን ስከፍት ደጃፉ በጥይት ተሞልቷል። እያንዳንዱ ከእኔ የገዛውን አምጥቶ አፍስሶ ሄዷል። አንዳቸውም አላንኳኩም። ጉላብ ዲን ብቻ ቆሞ ነበር።

«ይኼ የእኔ ነው» አለና ኪሱን ገለበጠ። «ተኩላው ሰላም ብሎሃል።»

«ጉላብ ዲን፥ ጥሩ አረር ሳገኝ በነፃ እሞላልሃለሁ።»

«ልጅህን ልትድር ነው እንዴ ደግሞ?» አለኝ። ሲሄድ ግን ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እየሳቀ ነበር።

ቀኑን ሙሉ አረሮቹን ከቀለሃቸው ስነቅል ዋልኩ። ማንም አልመጣም። ሱቄ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ቤቱም። ሻይ አፈላሁ፤ በዛ። የሁለት ሰው ነው ያፈላሁት፤ ለእንግዳ ብዬ ነው።

ሐሙስ፥ ሻዕባን 28

ነገ ከቃቡል ጉል ጋር ወደ ላይኛው ሸለቆ እወጣለሁ። ለሁለት ቀን ነው። ለደስታ የሞላሁላቸው ቀጭኑ ጥይት አሁንም እጃቸው ላይ አለ፤ አንዱ ተሳስቶ ለአደን ቢተኩስበት አደጋ ነው። ራሴ ሄጄ መሰብሰብ አለብኝ። ይህ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ሥራ አይደለም። እግረ መንገዴን ልጅቷንም አያታለሁ። በረጀብ ልጠይቃት ይገባኝ የነበረ ነገር አለ፤ አሁን መልሱን ባውቀውም ከአፏ ልስማው።

ቃቡል ጉል «ደመናው አላማረኝም» አለኝ። «መተላለፊያው በዚህ ሳምንት ከተዘጋ እኔ ቶሎ እወርዳለሁ። አንተ ከዘገየህ እስከ ጸደይ እዚያው ነህ፤ ረመዷኑንም፥ ዒዱንም፥ ክረምቱንም።»

«ያጋጥማል» አልኩት።

ማታ ዱርኻነይ መጥታ ጓዜን አየችው። የበግ ለምድ ካባዬ፥ የክረምት ጫማዬ፥ የመሣሪያ ሳጥኔ፥ የትንባሆዬ ከረጢት፥ መነጽሬ፥ አንድ ጆንያ ሩዝ።

«ለሁለት ቀን ነው ይህ ሁሉ?»

«መንገዱ አይታወቅም» አልኳት።

ወደ ቤቷ ሄዳ ሌላ ብርድ ልብስ አመጣችና ከላይ አሰረችልኝ።